ከሌላ ሰማይ የሚመጣ ውሃ፦ የራያ ቆቦ የጎርፍ ጠለፋ

ቆቦ ላይ ጠብ ሳይል ማሽላ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ተአምር አይደለም። ከከተማዋ በስተምዕራብ በቆመው የጊዳን ደጋ ላይ ከሰዓት በኋላ የወረደ ዶፍ ገደል ለገደል ተንከባሎ፣ አሸዋ ለብሰው የዋሉትን የሆርማትንና የጎሊናን ወንዞች ሆድ ሞልቶ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቆላው ላይ ይደርሳል። የቆቦ ገበሬ ይህን እንግዳ ውሃ መንገድ ላይ ጠልፎ ማሳው ላይ ያሳድረዋል። ባለሙያዎች የጎርፍ መስኖ ይሉታል፤ አካባቢው ጠለፋ ይለዋል።

አቀማመጡን ሳያዩ አሠራሩን መረዳት ያስቸግራል። ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ወደ ሰሜን ለሚጓዝ ሰው በግራ በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ የደጋ ግድግዳ ይታየዋል፤ በቀኝ የዞብል ተራሮች አሉ። በሁለቱ መካከል የተዘረጋውን ሜዳ የሠራው ራሱ ጎርፉ ነው፤ ከደጋው የታጠበውን አፈር በሺህ ዓመታት እየደረደረ ሞላው። ጎሊና ዞብልን ሰንጥቆ ወደ አፋር ይወርዳል፤ በስሙ የሚጠራ ወረዳም እዚያ አለ። ባሕር ግን አይደርስም። ከዚህ ሁሉ ውሃ አንድም ጠብታ ቀይ ባሕርን አያይም።

የቆቦ ሜዳ በዓመት በአማካይ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል። ማሽላ ለመድረስ የሚፈልገው ከ450 እስከ 650 ነው። ወረቀት ላይ ይበቃል። አማካይ ግን አይዘራም፣ አይታጨድም። ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ተከማችቶ ይወርድና መስከረም ላይ፣ ማሽላው ፍሬ ሊቋጥር ሲል ይቆማል። በጋው ረጅም ነው፣ ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ንፋሱም ያለችውን እርጥበት ጠርጎ ይሄዳል። ስለዚህ ጠለፋ የዝናብ ተቀጥላ ነው ማለት ይከብዳል። በብዙ ዓመት ሰብሉን የሚያደርሰው እሱ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ጎርፉ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ነው። በመጀመሪያ ወንዙ ከገደል ወጥቶ ሜዳውን ሲረግጥ፣ ዳርቻው ዝቅ በሚልበት ቦታ ላይ አፍ ይከፈታል። ከአፉ ጎን ከድንጋይ፣ ከአሸዋና ከግራር ቅርንጫፍ የተሠራ አጥር ወደ ወንዙ ሆድ ሰያፍ ሆኖ ይገባል። ይህ አጥር ወንዙን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሊዘጋም አይገባውም። ጎርፉ መጠነኛ ከሆነ ገፍቶ ወደ ቦይ ያስገባዋል፤ ከልክ ካለፈ ደግሞ ተደርምሶ ውሃውን ወደ ወንዙ ይመልሰዋል። እንዲፈርስ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። ለእኔ የጠለፋው ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ግንበኛ መሐንዲስ የሚያፍርበትን መፍረስ ባለማሳው ሆን ብሎ አስገብቶበታል። በማግስቱ ደቦ ተጠርቶ አጥሩ ዳግም ይቆማል።

ከአፉ የሚነሳው እናት ቦይ ወደ መካከለኛ ቦዮች፣ እነሱም ወደ ትንንሽ ቦዮች ይከፈላሉ፤ መጨረሻ ላይ ውሃው እያንዳንዱ ሰው ማሳ ላይ ይደርሳል። ማሳው ውስጥ ፈሩ ተዳፋቱን አግድም ይዞ ስለሚታረስ ውሃው እየተዝናና ከትልም ወደ ትልም ይሻገራል። ማሽላው ከጉልበት ሲደርስ በሬ በረድፍ መካከል እየገባ ይታረሳል፤ ይህ ሽልሻሎ ነው። አረም ይነቅላል፣ የበዛውን ቡቃያ ያሳሳል፣ አዲስ ፈር ከፍቶም ቀጣዩን ጎርፍ ይጠብቃል። በአንድ እርሻ ሦስት ሥራ ማለት ነው።

ጎርፍ ቀጠሮ የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሲመሽ ወይም ሌሊት ነው፤ ደጋው ላይ የጣለው የከሰዓት ዝናብ የሚደርሰው ያኔ ነውና። አስቀድሞ ድምፅ ይሰማል። ከድንጋይ ጋር የሚንከባለል ውሃ ነው፤ ከሩቅ የጭነት መኪና አቀበት የሚወጣ ይመስላል። ከዚያ የረጠበ አፈር ሽታ ይመጣል። «አያ፣ ውሃው ገባ!» የሚል ጥሪ ከቤት ወደ ቤት ይተላለፋል፤ አካፋና ባትሪ የያዘ ሁሉ ወደየቦዩ ይሮጣል። ሌሊቱን የሚደረገው ሥራ ቀላል ይመስላል፤ አንዱን ቦይ መክፈት፣ ሌላውን በአፈርና በሣር መድፈን። ስህተቱ ግን ውድ ነው። ሩብ ሰዓት ያረፈደ ሰው ማሳው በጭቃ ሲሞላ ወይም ቦዩ ተሰብሮ ውሃው ወደ ጎረቤቱ ሲሄድ ይደርሳል። ጎርፉ ጥቂት ሰዓት ፈስሶ ይተኛል፤ ንጋት ላይ ወንዙ እንደገና አሸዋ ነው።

በአንድ ሌሊት የገባው ውሃ ለሳምንታት የሚቆየው አፈሩ ጋን ስለሆነ ነው። የአንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ለም ደለል ለተክል የሚሆን ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ውሃ ይይዛል። ማሳው አንድ ጊዜ እስከ ጥልቁ ከጠጣ፣ ሥሩን ወደ ታች የሚሰድደው ማሽላ ለረጅም ጊዜ ሌላ ውሃ ሳይጠይቅ ይኖራል። ጎርፉ በዚያ ላይ ደለል ያመጣል፤ ማሳው ማዳበሪያ ሳይገዛለት የሚያመርተው በዚህ ደለል ነው። ዋጋውም አለው፤ ደለሉ ዓመት ከዓመት ማሳውን ከፍ ስለሚያደርገው ቦዩ አልደርስበት ይላል፤ የቦዩ አፍ ሽቅብ ወደ ወንዙ ላይኛ ክፍል መሄድ ይኖርበታል። ቅንጨ የሚባለውን መጤ አረም ዘርም ይዞ የሚገባው ይኸው ውሃ ነው።

አሁን ወደ ክፉው ዓመት እንምጣ። የቆቦ ገበሬ ትንበያ የሚያነብበት ሰማይ ከአናቱ በላይ ያለው አይደለም፤ ዓይኑ ምዕራብ ላይ ነው። ቀትር ሲያልፍ የደጋው ጫፍ ላይ ደመና ይከመራል። ጥቁሩ ደመና ገደሉን ከሸፈነና ንፋሱ ከረጋ ቦዩን ይፈትሻል። ንፋሱ ደመናውን ከበተነው ወይም ወደ ላስታ ከነዳው ወደ ቤቱ ይገባል። ክፉ ዓመት የሚባለው ታዲያ አንድ ዓይነት አይደለም። ጎርፍ የሚያንሰው ዓመት አለ፤ ውሃው ከቦዩ አፍ ሳያልፍ በአሸዋው ይዋጣል። ጎርፍ የሚበዛው ዓመትም ክፉ ነው፤ አፉን ጠርጎ፣ ማሳ ቆርሶ፣ ድንጋይ አልብሶ ይሄዳል። ሦስተኛው ክፉ ልኩን ጠብቆ ጊዜውን የሳተው ነው፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የደረሰ የመጀመሪያ ጎርፍ ቢያምር ምን ይሆናል፣ የሚያጠጣው ማሽላ አልበቀለም።

በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ ያወጣል። ዓመቱን በበጋ፣ በበልግና በክረምት ይከፍልና ለየአካባቢው ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ ይሰጣል። መሠረቱ በአብዛኛው የሩቅ ባሕር ሙቀት ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኞ ሲመጣ፣ የኢትዮጵያ ክረምት ብዙውን ጊዜ ይሳሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነው፤ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚፈልግ ተገለጸ፤ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ቆቦ ያለችበት ሰሜን ወሎ ነበር። ከዚያ በፊት የ66ቱና የ77ቱ ድርቅ እዚሁ አካባቢ ምን እንዳደረገ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ዓለም በቴሌቪዥን ያየው የኮረም መጠለያ ከአላማጣ ሽቅብ ያለው ኮረም ነው።

እኔ ግን በዚህ ትንበያ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ትንበያው የሚናገረው ስለ ወቅቱ ጠቅላላ ዝናብ ነው፤ ጎርፍ ደግሞ የጠቅላላ ልጅ አይደለም። ሙሉ ቀን የሚያርከፈክፍ ካፊያ መሬቱ ይጠጣዋል፣ ወንዝ አይሞላም። ጎርፍ የሚወልደው ለግማሽ ሰዓት የሚዘንብ ዶፍ ነው። ስለዚህ «ከመደበኛ በታች» በተባለ ክረምት ሦስት ጥሩ ዶፎች በተገቢው ሳምንት ጊዳን ላይ ከወረዱ የቆቦ ማሳ ሊጠግብ ይችላል። «መደበኛ» በተባለውም ዝናቡ ሁሉ ካፊያ ከሆነ ቦዩ ደርቆ ይከርማል። ደጋው ላይ የሚሠራው እርከንና የተከለለው ተዳፋትም ነገሩን ይቀይረዋል፤ ውሃውን ያዘገየዋል፣ ድንጋዩን ያስቀራል፣ የጎርፉንም ቁመት ይቀንሰዋል። ለደጋው መልካም ነው፤ ለቆላው ጥቅሙም ጉዳቱም አለው፤ ስለዚህ የጊዳንና የራያ ቆቦ ወረዳዎች ተነጋግረው ሊሠሩት የሚገባ ነገር ነው።

ክፉ ዓመት ሲመጣ ገበሬው የሚቀይረው ዘሩን ነው። በልግ ጥሩ ከሆነ ሚያዝያ ላይ እንደ ደገሊት ያለ ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ማሽላ ይዘራል፤ አገዳው ለከብት፣ ለአጥርና ለማገዶ፣ ፍሬው ለእንጀራ ይሆናል። በልጉ ከቀረ ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይፈልጋል፤ እሱም ካልሆነ ጤፍ፣ ከዚያም በቀረች እርጥበት ሽምብራ። ስሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ ቆላ ቶሎ የሚደርሱ ማሽሎችን ሲያወጣ ኖሯል። አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙት ጎብዬና አብሽር የተለቀቁት በ1992 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ከዚያ ምርምር ጀርባ ያሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እኤአ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። አጭሩ ማሽላ ፍሬ ይሰጣል እንጂ አገዳ አያተርፍም፤ ከብት ያለው ገበሬ አዲሱን ዘር ሲያቅማማ «ኋላ ቀር» የሚሉት ሰዎች ይህን ሒሳብ አልሠሩም።

ውሃ ሲያንስ ሕግ ይጠብቃል። በብዙ የጎርፍ መስኖ አገሮች የታወቀው ደንብ የላይኛው ይቅደም የሚል ነው፤ ቆቦም ላይ አነስተኛ ጎርፍ የላይኛውን ማሳ ሳያጠግብ ወደ ታች አይወርድም። የታችኛው ተስፋ የሚያደርገው ትልቁን ጎርፍ ነው፤ የላይኛው አጥር ሲፈርስበት የታችኛው ይጠግባል። የሚፈርሰው አጥር ዳኛም ነው ማለት ነው። የመን ውስጥ በዘቢድ ሸለቆ ይህ ደንብ በቀን መቁጠሪያ ተከፍሏል፤ የላይኛው፣ የመካከለኛውና የታችኛው ቦዮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ወራት አላቸው። ደንቡን ከ600 ዓመት ገደማ በፊት ሼኽ ጀበርቲ እንደደነገጉት ይነገራል። ኤርትራ ውስጥ ሸዕብ፣ ፓኪስታን ውስጥ የባሉቺስታን ቆላዎች በተመሳሳይ ውሃ ይኖራሉ።

ይህን ባህላዊ አሠራር በሲሚንቶ ለመተካት የተሞከረባቸው ቦታዎች አሉ። በራያ ሸለቆ ሰሜናዊ ክፍል እንደ ፎኪሳና ሐራ ባሉ ቦታዎች የተገነቡ የጠለፋ ግንባታዎች በደለልና በድንጋይ ሲደፈኑ ታይቷል። ጠባብ በር ለንጹሕ ወንዝ ይሠራል፤ ጎርፍ ግን አፈርና ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ግንባታው ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰፊ አፍና የተጠናከረ የቦይ ዳርቻ ለገበሬው ብዙ ጉልበት ይቆጥባል። ከንድፉ በፊት ሠላሳ ክረምት ሌሊት ሌሊት ቦይ የከፈተ ሰው ይጠየቅ ነው የምለው።

ሌላው መንገድ ከርሰ ምድር ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፍሮ፣ በፓምፕና በጠብታ መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚመረትበትን ዕድል ከፍቷል። የቆቦ ሽንኩርት ዛሬ በገበያ የታወቀ ነው። ይህ ጉድጓድ ጎርፉን ያስረሳል የሚል ሰው ግን ከመሬት በታች ያለውን አላየም። ጉድጓዱን የሚሞላው በደለሉ ውስጥ እየሰረገ የሚወርደው ያው የወንዝ ውሃ ነው፤ ጎርፉ ባነሰ ቁጥር ፓምፑም ከጥልቅ ይስባል።

ጎርፉ አሁንም ስለሚያስፈልግ ጥያቄዬ ለሚቲዎሮሎጂና ለግብርና ሰዎች ነው። ጊዳን ላይ ያለ የዝናብ መለኪያ ከሰዓት በኋላ ያነበበውን በዚያው ምሽት ለቆቦ የቦይ ኃላፊዎች በስልክ አድርሱ። ከደጋው እስከ ቦዩ አፍ ጎርፉ ጥቂት ሰዓት ይወስዳል፤ አጭር መልእክት ደግሞ ጥቂት ሴኮንድ።