ሲሚንቶን በምን እንተካው? ከቡናው አገር ተረፈ ምርቶች

ጅማ የራሷ የሲሚንቶ ፋብሪካ የላትም። የሙገርና የደርባ ሲሚንቶ አዲስ አበባን አልፎ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝላታል፤ አጋሮና ሊሙ ገነት ሲደርስ የጊቤ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ከዋጋው ላይ ተደምሯል። ተመራማሪዎች «ከፊሉን በምን እንተካው?» እያሉ ዙሪያቸውን ቢቃኙ አይገርምም።

ሲሚንቶን ውድም በካይም የሚያደርገው ክሊንከር ነው። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃጠሉ፣ ከነዳጁ ጭስ ሌላ ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ለአንድ ቶን ክሊንከር በጠቅላላው 800 ኪሎ ግራም ግድም ይወጣል። ሌላው ዓለም ክሊንከሩን የሚቀንሰው በዋናነት ከድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ በሚገኝ ደቃቅ አመድና ከብረት ማዕድን ማቅለጫ በሚወጣ ስላግ ነው። እኛ ሁለቱም የሉንም። መብራታችን በአብዛኛው ከውኃ ነው፤ ብረት አቅላጮቻችንም ቁርጥራጭ ብረት እንጂ ማዕድን አያቀልጡም። በዚህ ፈንታ ግንበኛ ሁሉ የሚያውቀው ፒፒሲ አለ፦ ክሊንከር ከእሳተ ገሞራ ፐሚስ ጋር የተፈጨበት። ፐሚስ ግን ለዚሁ ተብሎ ተቆፍሮ ይወጣል እንጂ ተረፈ ምርት አይደለም።

ከአገር ቤት ተረፈ ምርቶች ብዙ የተሞከረው የሸንኮራ አገዳ ገለባ አመድ ነው። ሲሊካው ብዙ ስለሆነ ተስፋ አለው። ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ካመረተችው ወንጂ ሌላ መተሐራና ፊንጫኣ አሉ፤ አርጆ ዴዴሳ ደግሞ ለቡናው አገር ይቀርባል። የእብነ በረድ ዱቄትም ተሞክሯል፤ እሱ ክፍተት ይሞላል እንጂ እንደ ሲሚንቶ አይሠራም።

የጅማ ተማሪ ግን ዓይኑ የሚያርፈው ቡና ላይ ነው። ጀንፈል ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይቀራል፤ በመፈልፈያው ጓሮ ይከመራል፣ ይቃጠላል። አመዱ በጥቂቱ፣ 10 በመቶ ግድም፣ ሲሚንቶን ሲተካ የኮንክሪቱ ጥንካሬ ብዙም እንደማይጎዳ ያሳዩ ሙከራዎች አሉ። እኔ እዚህ ላይ እጠራጠራለሁ። የቡና ገለፈት አመድ በፖታሲየም የበለጸገ፣ በሲሊካ ግን ድሃ ነው፤ ሲሚንቶን ሊተካ የሚችል አመድ ደግሞ የሚሠራው በሲሊካና በአሉሚና ነው። ፖታሲየም ሲበዛ ከአንዳንድ ጠጠሮች ጋር ተዋህዶ ከዓመታት በኋላ ኮንክሪቱን ሊያሳብጠውና ሊሰነጥቀው ይችላል፤ የ28 ቀን የጥንካሬ ፍተሻ ይህን አያሳይም። መጠኑም አለ፦ ከአንድ ቶን ገለፈት አንድ ኩንታል አመድ እንኳ አይገኝም። ለሁለት ከረጢት ሲሚንቶ የማይሞላ አመድ ለማግኘት ቶን ሙሉ ማቃጠል ያስኬዳል? ፖታሲየም እንደሆነ ቡናው ራሱ ይፈልገዋል፤ አመዱ ወደ ማሳው ቢመለስ ይሻላል።

ገለፈቱ ግን ለማገዶነት ብርቱ ነው። የኡጋንዳው ሂማ ሲሚንቶ የቡና ገለፈትን በምድጃው አቃጥሏል። በጅማ ዙሪያ ደግሞ በዚህ ማገዶ ሊጠበስ የሚገባው ነገር ሞልቷል። ቀዩ አፈር በካኦሊናይት የበለጸገ ሸክላ ነው፤ ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ሲጠበስ ከኖራ ጋር ተዋህዶ የሚጠነክር ዱቄት ይሆናል። በኩባ፣ በሕንድና በስዊዘርላንድ ያሉ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ የክሊንከሩን ድርሻ ወደ 50 በመቶ ያወረደ ሲሚንቶ ሠርተዋል፤ የቀረው 30 በመቶ የተጠበሰ ሸክላ፣ 15 በመቶ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ፣ 5 በመቶ ጂፕሰም ነው። የተሰበረ የሸክላ ጡብም ደቅቆ ከተፈጨ ከዚሁ ወገን ነው። ለምሰሶና ለወለል ከመዋሉ በፊት የደረጃ ጉዳይ አለ፤ ለልስንና ለጡብ ማያያዣ ግን ቶሎ ሊሞከር ይችላል።

ሳይጠበስ የሚያገለግለው የክሬሸር ብናኝ ነው፤ የሚተካው ግን ሲሚንቶን ሳይሆን አሸዋን ነው። ጅማ አሸዋ ከጋምቤላና ከወራቤ ጭምር ታስመጣለች፤ የባዛልት ድንጋይ ፈጪዎች ግቢ ግን ብናኙ ይከመራል። ብሎኬት ውስጥ የአሸዋውን ከፊል ቦታ መያዝ ይችላል። ችግሩ አቧራው ነው፤ ሲበዛ ቅልቅሉ ውኃ ይጠጣል፣ ውኃ ሲጨመርለት ብሎኬቱ ይደክማል። ስለዚህ ብናኙ መነፋት ወይም መታጠብ ይኖርበታል።