አተሩ የት ተደበቀ?

ሁዳዴ በገባ ቁጥር በላስ ቬጋስ መደብሮች ውስጥ ከበሬ ያልተገኘ «በርገር»፣ ላም ያልታለበችው «ወተት»፣ ዶሮ የማታውቀው «የዶሮ ጥብስ» ፍለጋ የሚንከራተተው ወገናችን ጥቂት አይደለም። ታክሲ ሲነዳ ወይም ካዚኖ ውስጥ ሲሠራ አድሮ ንጋት ላይ ቤቱ የሚገባ ሰው ሽሮ የሚያንተከትክበት ጊዜ ከየት ያመጣል? «ቪጋን» የሚል ጽሑፍ ካየ ጾሙን እንደማያስፈታው አምኖ ይገዛል።

ይህ ሥጋ መሳይ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥራጥሬ ነው። ፋብሪካው ከአተር ወይም ከአኩሪ አተር ፕሮቲኑን ብቻ ለይቶ ያወጣና አጠንክሮ ይጋግረዋል። ስለዚህ አንዲት ቁራጭ በአንድ ጭልፋ የአተር ክክ ወጥ ውስጥ ካለው በጣም የበዛ ፕሮቲን ልትይዝ ትችላለች። ለጤነኛው ሰው መልካም ነው። የአተር አለርጂ ላለበት ግን መርዝ ነው።

ባለፈው ሁዳዴ የአንድ ታክሲ ነጂ ወዳጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚሁ የጾም ጥብስ ቀመሰ። አተርና ምስር ከሕፃንነቱ ጀምሮ አይስማሙትም። እናቱ እሽጉን ገልብጣ በደማቁ የተጻፈውን «ኮንቴይንስ» የሚለውን መስመር አንብባለች፤ ስንዴ ብቻ ይላል። ልጁ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሩ አብጦ ድምፁ ተዘጋ። ከቦርሳዋ የማይለየው የአድሬናሊን መርፌና አምቡላንሱ አተረፉት። በማግሥቱ እሽጉን ተቀብዬ ሳነበው «ፒ ፕሮቲን» በደቃቅ ፊደል ከውኃ ቀጥሎ ተጽፎ አገኘሁት።

እናቲቱ አላጠፋችም። አምራቹም ሕግ አልጣሰም፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውና ከ2006 ጀምሮ የሚሠራበት የአሜሪካ ሕግ በግልጽ እንዲጠሩ ያዘዘው ስምንት ምግቦችን ነበር። በ2021 በወጣው ሕግ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኖ ተጨመረ፤ ግዴታው ከ2023 ጀምሮ ጸና። ከጥራጥሬ ወገን በዝርዝሩ የገቡት ግን ኦቾሎኒና አኩሪ አተር ብቻ ናቸው። እኛ ጠዋት ማታ የምንበላቸው አተር፣ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ የሉበትም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሽሮ በልተው አያውቁም ብል ይፈረድብኛል? «ሜይ ኮንቴይን» የሚለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በአምራቹ ፈቃድ የሚጻፍ ነው፤ አለመጻፉ ምግቡ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚደበቀው የራሳችን አብሽ ነው። አብሽ የጥራጥሬ ዘመድ ነው፤ ኦቾሎኒ ከማይስማማቸው ሰዎች አንዳንዶቹ አብሽም አይስማማቸውም። የአሜሪካ ደንብ ግን ቅመሞችን በጅምላ «ስፓይስስ» ብሎ መጻፍን ይፈቅዳል። በካሪ ዱቄት ውስጥ ይኑር አይኑር ከእሽጉ ላይ ላይታወቅ ይችላል። ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣው በርበሬና ሽሮ ጭራሽ ጽሑፍ የለውም። ክላርክ ካውንቲ በ2023 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው ሠፈር የምትነግዱ ወገኖች፣ ሽሮው ውስጥ ሽምብራ፣ አተር ወይስ ባቄላ እንዳለ በእሽጉ ላይ ብትጽፉልን ምን ይጎድልባችኋል?

ጎጃሜው የሚያውቀው ግብጦም እዚህ «ሉፒን» ተብሎ ዳቦና ፓስታ ውስጥ ገብቷል፤ ስኳርና ስታርች ለሚቀንሱ ሰዎች ይሸጣል። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው በተለይ ሊጠነቀቀው ይገባል። አውሮፓውያን በግልጽ እንዲጻፍ ካስገደዷቸው 14 ምግቦች አንዱ ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን ከዘጠኙ አንዱ አይደለም። እንዲህ ሲባል ኦቾሎኒ የማይስማማው ሁሉ ሽሮ ይከልከል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ሌላውን ጥራጥሬ ያለ ችግር ይበላሉ፤ የሚለየው ሐኪም ነው።

ይህ ሕግ የሚመለከተው የታሸገውን ነው። በካዚኖ ቡፌና በሠራተኞች መመገቢያ ሳህን ላይ የሚቀርበው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስለሌለው ወጥ ቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። በእሽጉ ላይ ደግሞ ደቃቁን ዝርዝር እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ «ፒ»፣ «ቺክፒ»፣ «ሌንትል»፣ «ፋቫ»፣ «ሉፒን»፣ «ፌኑግሪክ» የሚሉትን ፈልጉ። ጉሮሮ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ የአለርጂ ኪኒን የአድሬናሊንን መርፌ አይተካም። መርፌው ወዲያው ጭን ላይ ይወጋ፣ 911 ይደወል። ልጁ የተሻለው ቢመስልም ምልክቱ ሊመለስ ስለሚችል ሐኪም ሳያየው ቤት አይመለስ።