የብሉዝ ወዳጅ ከክራር ይጀምር

ብሉዝ የሚወድ ሰው «የአገሬን ሥረ መሠረት ሙዚቃ ልስማ፣ ከየት ልጀምር?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ከዚያ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአዲስ አበባ ባንዶች። ምርጫው መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን የተመረጠው አማርኛ በማይሰማ ጆሮ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ አልበሞች ማውጣት ሲጀምር፣ የውጭውን አድማጭ የማረከው ከሁሉ በፊት የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ድምፅና ምቱ ነበር። ጂም ጃርሙሽም በ2005 ለ«ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ከሙላቱ ሥራዎች የመረጠው ግጥም የሌላቸውን ነው። ከአየር ጤና ወደ መርካቶ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ የተቀመጠ የኮልፌ ቀራንዮ ልጅ ግን ቃሉን ይሰማል። ለእሱ የሚቀርበው ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት እላለሁ፤ አንድ ሰው ከአንድ መሣሪያ ጋር ሆኖ የሚያዜምባቸው፣ ግጥሙ ጎልቶ የሚሰማባቸው አልበሞች ይቅደሙ።

ብሉዝ ራሱ የቃል ሙዚቃ ነውና። ሮበርት ጆንሰን በ1936 እና በ1937 ቴክሳስ ውስጥ 29 ዘፈኖቹን ሲያስቀርጽ አብሮት የነበረው ጊታሩ ብቻ ነው። በተለመደው የብሉዝ ግጥም የመጀመሪያው ስንኝ ሁለት ጊዜ ይባልና ሦስተኛው ቤት ይመታል፤ ድግግሞሹ ለዘፋኙ ማሰቢያ፣ ለአድማጩ መጠበቂያ ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አንዱ እድምተኛ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው እያዋዛ ይቀበላል፣ ቤቱ በሳቅ የሚፈነዳው ወርቁ ሲገለጥ ነው። በድምፅ የተቀረጸው ሙዚቃችን ታሪክም የሚነሳው ከዚሁ ነው። ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሸክላ ያስቀረጸው በ1908 ሲሆን፣ ማሚ ስሚዝ በጥቁር ድምፃዊት የተዘፈነውን የመጀመሪያ የብሉዝ ሸክላ ያስቀረጸችው በ1920 ነው። የተሰማ ቅጂዎች በኢትዮፒክስ ቅጽ 27 ይገኛሉ። የሸክላው ጩኸት ስለሚበዛ ግን ለጀማሪ አልመክረውም።

ለጀማሪ የምመክረው ቅጽ 16ን፣ የአስናቀች ወርቁን ነው። አስናቀች የቴአትር ተዋናይትም ነበረች፤ ቃል ስታወጣ እያንዳንዱ ፊደል ይለያል፣ ክራሩም ግጥሙን ሳይጋፋ ከሥር ከሥር ይከተላታል። ቀጥሎ ቅጽ 10 ይምጣ፤ ሙሉ በሙሉ ለትዝታ የተሰጠ ነው። እዚያ ውስጥ ጌታቸው ካሣ ትዝታን መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያም በፈጣን ምት ይጫወታል። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው ትዝታ በምት የሚወሰን አለመሆኑን በጆሮው ያረጋግጣል፤ ምቱ ተቀይሮም ኀዘኑ እዚያው አለ።

«ትዝታን ብሉዝ ማለት የገበያ ስም ነው» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ብሉዝ በአብዛኛው በ12 ባር ውስጥ በሦስት ኮርዶች የሚዞር ነው። ትዝታ ግን እንደ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አምስት ድምፆች ያሉት ቅኝት ነው፤ የኮርድ ዙር አያስፈልገውም። አንዱ ከሌላው ተወለደ ማለትም አይቻልም። እኔ ግን የማነጻጽረው የዘር ሐረጋቸውን ሳይሆን ሥራቸውን ነው። ሁለቱም ቦታ አንድ ሰው የራሱን ናፍቆት ሁሉም በሚያውቀው ዜማ ውስጥ ያስገባል፣ አድማጩም የሚመዝነው ምን አዲስ ስንኝ እንዳመጣ ነው። የአስናቀችን አልበም የጨረሰ ሰው ጆንሰንን ቢከፍት፣ እንግሊዝኛው ሙሉ በሙሉ ባይገባው እንኳ፣ ሰውየው ምን እያደረገ እንደሆነ አይጠፋውም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ቃል ይቅደም ካልን፣ ቃል የሌላቸውን ታላላቅ ሥራዎች ምን እናድርጋቸው? የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ለዚህ ጥሩ መልስ አለው፤ ጌታቸው ሽለላን ከአንደበት ወደ ሳክስፎን ያሸጋገረ ሰው ነው። ሽለላ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ቅጽ 14ን ሲያዳምጥ ፉከራው የት እንደሚጀምር፣ ትንፋሹ የት እንደሚያዝ ይለየዋል። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ፣ ማለትም ቅጽ 21፣ ግን ለሐሳቤ በቀላሉ አይገዛም። በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ለስንኝ ሳይሆን ለጸሎት የቀረበ ነገር ነው የሚጫወቱት፤ አንዱ ሐረግ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፣ የሚቆጠር ምት አያስራቸውም። ይህን አልበም ከቅደም ተከተሉ ውጭ፣ በማንኛውም ሰዓት መስማት ይቻላል።

በገናን ለብቻው ያቆየሁት በምክንያት ነው። «በገና ጸሎት ነው፣ ከዘፈን ጋር አይደባለቅም» የሚለው አስተያየት ትክክል ስለሆነ፣ የአለሙ አጋን ቅጽ 11 ከትዝታ ዘፈኖች ጋር በአንድ ዝርዝር መሰካት አይገባም። በዐቢይ ጾም፣ ሌላ ድምፅ በሌለበት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማ። አሥሩ አውታሮች እንዝራ በሚባሉ ቁራጭ ቆዳዎች ላይ እየነዘሩ ነው ያንን የሚያጉረመርም ድምፅ የሚያወጡት፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ግን ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቶ ንዝረቱ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ደህና ማዳመጫ ያስፈልጋል። ከአሜሪካ በኩል የሚስተካከለውን የሚፈልግ ሰው፣ ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን በ1927 ያስቀረጸውን፣ ያለ ቃል በማንጎራጎር ብቻ የሚሄደውን «ዳርክ ዋዝ ዘ ናይት» ይስማ፤ እሱም መንፈሳዊ ነው።