የጉዞ ፊልም እና የመኪናው ወንበር

የጉዞ ፊልም የሚባለው፣ ገፀ ባሕርያቱ ከሚኖሩበት ስፍራ ተነሥተው በመኪና፣ በሞተር ብስክሌት ወይም በእግር ረጅም መንገድ ሲሄዱ እየተከተለ ታሪኩን በዚያው መንገድ ላይ የሚተርክ የፊልም ዘውግ ነው። በሌሎች ፊልሞች ጉዞ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ሆኖ በጥቂት ሰኮንዶች ሲታለፍ፣ በዚህ ዘውግ ግን ታሪኩ ራሱ ጉዞው በመሆኑ፣ ተጓዡ ካሰበበት ከመድረሱ ይልቅ በመንገዱ ማንን አገኘ፣ ምንስ ተነጋገረ የሚለው ይበልጣል።

ዘውጉ ስሙን ያተረፈው በአሜሪካ ነው። በ1934 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍራንክ ካፕራ ከማያሚ ወደ ኒው ዮርክ በሚደረግ የአውቶቡስ ጉዞ ላይ የማይተዋወቁ ወንድና ሴት አገናኘ፤ በ1940 ጆን ፎርድ ከኦክላሆማ መሬቱ ተነቅሎ በአሮጌ የጭነት መኪና ወደ ካሊፎርኒያ የሚሰደድ የገበሬ ቤተሰብ አሳየ፤ በ1969 የወጣው የዴኒስ ሆፐር «ኢዚ ራይደር» ደግሞ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒው ኦርሊንስ በሚጋልቡ ሁለት ሞተረኞች አማካይነት ዘውጉን የወጣቶች የአመፅ ድምፅ አደረገው። በስቱዲዮዎቹ ዘመን የመኪና ትዕይንት በአብዛኛው የሚቀረጸው ተዋንያኑ በቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጠው፣ ከኋላቸው በተዘረጋ መጋረጃ ላይ አስቀድሞ የተነሣ የመንገድ ምስል እየታየ ነበር። ካሜራው እየቀለለ፣ ምስሉ የሚነሣበት ጥሬ ፊልምም በተፈጥሮ ብርሃን መሥራት እየቻለ ሲመጣ ግን ቀረጻው ወደ እውነተኛው አውራ ጎዳና ወጣ።

ሆኖም የዘውጉ ትልቁ ሀብት ያለው ከጎዳናው ይልቅ በመኪናው ውስጥ ነው። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች አንዱ የሌላውን ዓይን መቋቋም ሲኖርባቸው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደፊት የሚያዩ ሁለት መንገደኞች ግን ዝምታው ሳይከብዳቸው፣ መኪናው እስኪቆምም ተነሥተው መሄድ ሳይችሉ፣ በሌላ ቦታ የማይወጣቸውን ቃል ይናገራሉ። ይህን ከማንም በላይ የተረዳው ኢራናዊው ዳይሬክተር አባስ ኪያሮስታሚ ነበር። በ1997 በካን ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት ከአንድ ጃፓናዊ ፊልም ጋር በተጋራው «የቼሪ ጣዕም» ውስጥ፣ ባዲ የተባለ ሰው በቴህራን ዳርቻ አቧራማ ኮረብቶች ላይ እየነዳ፣ ራሱን ካጠፋ በኋላ አፈር የሚያለብሰው ሰው ይፈልጋል፤ አንድ ወጣት ወታደር፣ አንድ አፍጋኒስታናዊ የሃይማኖት ተማሪና አንድ የሙዚየም ሠራተኛ በየተራ አጠገቡ ይቀመጣሉ። በቀረጻው ጊዜ ግን ነጂውና ተሳፋሪዎቹ በመኪናው ውስጥ አብረው አልነበሩም፤ ካሜራው አንዱን ሲያነሣ በሌላው ወንበር ተቀምጦ ጥያቄውን የሚጠይቀው፣ መልሱንም የሚመልሰው ኪያሮስታሚ ራሱ ነበር። ሁለቱ ፊቶች በአንድ ምስል ውስጥ አለመታየታቸውም የሰውየውን ብቸኝነት ያለ አንዳች ማብራሪያ ተመልካቹ ልብ ውስጥ ያስገባዋል። በ2002 በሠራው «አሥር» የተሰኘ ፊልም ሁለት አነስተኛ ዲጂታል ካሜራዎችን በመኪናው ዳሽቦርድ ላይ አስሮ፣ አንዲት የቴህራን ሴት እየነዳች ከተሳፋሪዎቿ ጋር በምታደርጋቸው አሥር ንግግሮች ብቻ አንድ ሙሉ ፊልም አቁሟል።

በአፍሪካ የዘውጉ ታላቅ ሥራ በ1973 የወጣው የሴኔጋላዊው ጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ «ቱኪ ቡኪ» ነው። ሞሪ የተባለው ወጣት የበሬ ቀንድ በታሰረበት ሞተር ብስክሌቱ ፍቅረኛውን አንታን አፈናጦ፣ ወደ ፓሪስ የሚወስዳቸውን የመርከብ ገንዘብ ፍለጋ በዳካር ይዞራል። የአሜሪካ ፊልሞች መንገድን ተሽከርካሪ ላለው ሁሉ ክፍት አድርገው ሲያሳዩ፣ እዚህ ግን መንገዱ የሚያልቀው ባሕሩ ዳር ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያሻግረው ትኬት ነው። በመጨረሻው ሰዓት አንታ ስትሳፈር ሞሪ ከመርከቡ መወጣጫ ይመለሳል። መሄድን ከማወደስ አልፎ መሄድ ለማን እንደተፈቀደና መቅረት ምን እንደሚያስከፍል የጠየቀ በመሆኑ፣ «ቱኪ ቡኪ» ከ«ኢዚ ራይደር» የሚልቅ ሥራ ነው፤ በ2008 ቅጂው ስለታደሰም፣ ዘውጉን ማወቅ የሚሻ ተመልካች ከእርሱ ቢጀምር ይመረጣል።