ኖራው ከመበተኑ በፊት፦ ፕሮፖዛል በሰው ፊት የሚቀርበው ለምንድን ነው?

እስቲ አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በሐሳባችን እንፍጠር። የምትማረው በ1999 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጥናቷ ስለ አፈር። በጎጃም ደጋ ብዙ ማሳ አሲዳማ ሆኗል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምርና የሰብሉን ሥር ይጎዳል። ሥሩ ይቀጭጫል፤ ገብሱ ማዳበሪያ ቢጨመርለትም ያን ያህል አይሰጥም። አንዱ መፍትሔ ኖራ መበተን ነው። ተማሪዋ ማወቅ የፈለገችው ኖራው ምርቱን በምን ያህል እንደሚጨምር ነው።

ያሰበችው ዘዴ ቀላል ነው። ሁለት ማሳ ትመርጣለች፤ አንዱ ላይ ኖራ ትበትናለች፣ ሌላውን እንዲሁ ትተወዋለች። ሁለቱም ላይ ገብስ ይዘራል። ሲደርስ በእያንዳንዱ ማሳ 30 ቦታ ላይ አጭዳ ትመዝናለች። በድምሩ 60 ልኬት! በቂ ይመስላል፣ አይደል?

በቂ አይደለም። ኖራ ያገኘው ማሳ ድሮም የተሻለ ቢሆንስ? ምናልባት ለቤት ቅርብ ስለሆነ ለዓመታት ፍግና አመድ ሲደፋበት ኖሯል፤ ሌላው ደግሞ ተዳፋት ላይ ሆኖ አፈሩን ጎርፍ ወስዶታል። ታዲያ ልዩነቱ የመጣው ከኖራው ነው ወይስ ከማሳው? መለየት አይቻልም። እናት ልጇን 30 ጊዜ ብትመዝነው 30 ልጅ አይኖራትም፤ እዚህም የተሞከረው ሁለት ማሳ ብቻ ነው። ስቱዋርት ኸርልበርት የተባለ የሥነ ምህዳር ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ለዚህ ስሕተት «የውሸት ድግግሞሽ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። የመረመራቸው 176 የሙከራ ጥናቶች ናቸው፤ 27 በመቶዎቹ ውስጥ ይኸው ስሕተት ተገኘ። እነዚያ ደግሞ ታትመው የወጡ ጥናቶች ናቸው!

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። በተለያዩ አርሶ አደሮች ማሳ ላይ ጥንድ ጥንድ ትንንሽ መደብ ማዘጋጀት፣ ከየጥንዱ ኖራ የሚደርሰውን በዕጣ መለየት ነው። ድካሙ ያው ነው ማለት ይቻላል። ብቻ አንድ ሰው በጊዜ ሊነግራት ይገባል።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት የጥናት ዕቅዱን፣ ማለትም ፕሮፖዛሉን፣ በትምህርት ክፍሉ መምህራን ፊት የሚያቀርበው ለዚህ ነው። ብዙ ተማሪ እንደ ፈተና ይፈራዋል፤ አንዳንዱም ፊርማ ማግኛ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሚሰጠው ድጋፍ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ሮናልድ ፊሸር የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1938 እ.ኤ.አ. ሙከራ ካለቀ በኋላ ባለሙያ ማማከርን ከአስከሬን ምርመራ ጋር አመሳስሎታል፤ ሙከራው በምን እንደሞተ ይታወቅ ይሆናል እንጂ አይድንም።

ጎጃም ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ክረምት በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ስሕተቱ አጨዳ ላይ ከታወቀ የሚቀጥለውን ዝናብ መጠበቅ ግድ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የትምህርት ፈቃድ ወስዶ፣ ቤተሰቡን ትቶ ለመጣ ሰው አንድ ዓመት ቀላል አይደለም። ኖራው ራሱ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ መበተን ስላለበት ፕሮፖዛሉ ሰኔ ላይ ቢቀርብ ዘግይቷል። መጋቢት ቢሆን ይሻላል።

ከዚያ በፊትም የሚደረግ አለ። ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ፕሮግራም የኢትዮጵያ ተቋማት በክፍያ የሚነበቡ ብዙ ጆርናሎችን በነፃ ማግኘት ይችላሉ፤ እንዴት እንደሚገባ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ሌሎች መደባቸውን እንዴት እንዳዘጋጁ ማየት ብቻውን ብዙ ያድናል። ሁለት ሦስት የክፍል ጓደኞችን ሰብስቦ ዕቅዱን ማስረዳትም እንዲሁ፤ ሻይ ቤትም ቢሆን ይሆናል። ጓደኛ የሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፦ «ስንት ቦታ አጨድሽ?» ሳይሆን «ስንት ማሳ ላይ ኖራ በተንሽ?»