ማሽኑ ይተነፍሳል፤ ሰውየውስ?

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛው ሰው ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እጁ ይሞቃል፤ የልቡ ምት በማሳያው ላይ ይነበባል። ሐኪሙ ግን ቤተሰቡን ሰብስቦ «አርፏል» ይላል። ሰሚው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በእኛ ዘንድ እስትንፋሱ ተቋረጠ ከተባለ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም፤ እዚህ ግን እስትንፋስ ያለ ይመስላል።

ግራ መጋባቱን ያመጣው የመተንፈሻ መሣሪያው፣ ቬንቲሌተሩ ነው። ልብ የራሱ የኤሌክትሪክ ምንጭ ስላለው ኦክስጅን እስካልተቋረጠበት ድረስ አንጎል ሳያዘው ይመታል። ትንፋሽ ግን ከአንጎል ግንድ ትእዛዝ ውጭ የለም። ድሮ አንጎል ሲሞት ትንፋሽ ይቆማል፣ ልብም ብዙ ሳይቆይ ይከተላል። መሣሪያው በመካከል ገብቶ ይህን ሰንሰለት በጠሰው። በ1959 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮቹ ሐኪሞች ሞላሬና ጉሎን ይህን «ከኮማ ያለፈ» ሁኔታ ገለጹት፤ በ1968 ደግሞ በሄንሪ ቢቸር የተመራ የሃርቫርድ ኮሚቴ መመዘኛ አወጣለት።

ምርመራው በጥርጣሬ ይጀምራል። አንጎልን የጎዳው ምክንያት፣ ለምሳሌ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ወይም የደም መፍሰስ፣ በግልጽ መታወቅ አለበት። ቀጥሎ ሞትን የሚያስመስሉ ነገሮች ይጣራሉ፦ ማደንዘዣና የእንቅልፍ መድኃኒት፣ ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት፣ የደም ንጥረ ነገር መዛባት፣ የሰውነት መቀዝቀዝ። ሙቀቱ ከ36 ዲግሪ በታች የሆነ ሰው መጀመሪያ ይሞቃል።

ከዚያ አንጎል በየበሩ ይንኳኳል። በባትሪ ሲበራበት የዓይኑ ብሌን ይጠብባል? የዓይኑ ገጽ ሲነካ ይጨፍናል? በረዶ የመሰለ ውሃ ጆሮው ውስጥ ሲገባ ዓይኖቹ ይንቀሳቀሳሉ? ቀጭን ቱቦ ወደ አየር ቧንቧው ሲገባ ያስላል? አንዱ እንኳ መልስ ካገኘ የአንጎል ሞት አይታወጅም። እግር ወይም እጅ ድንገት ቢንቀሳቀስ ግን ቤተሰብ በተስፋ ሊደነግጥ አይገባም፤ አከርካሪ ውስጥ ያለው ነርቭ ያለ አንጎል ትእዛዝ ይህን ማድረግ ይችላል።

የመጨረሻው ፈተና የትንፋሽ ነው። ታማሚው አስቀድሞ ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጠዋል፤ ከዚያ ከመሣሪያው ይለያል። ሐኪሙ ለ8 ወይም ለ10 ደቂቃ ያህል ዓይኑን ከደረቱ አይነቅልም። በደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል። ሕይወት ያለው የአንጎል ግንድ ይህን ችሎ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ «ተንፍስ» ብሎ ያዛል። ልኬቱ 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ደርሶ ደረቱ ካልተነሣ፣ ሌሎቹም ምርመራዎች መልስ ካላገኙ፣ ሰውየው ሞቷል። በኮማ ወይም ራስን ባለማወቅ ለዓመታት ከሚተኛው ሰው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ ያኛው ብዙውን ጊዜ በራሱ ይተነፍሳል።

ሕግ በየአገሩ የራሱን አጥር ይጨምራል። ጃፓን ምርመራው ቢያንስ ከ6 ሰዓት በኋላ እንዲደገም ትጠይቃለች። ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት እስራኤል በ2008 ያወጣችው ሕግ ስሙ ራሱ «የአንጎልና የትንፋሽ ሞት» ነው። የአይሁድ ሃይማኖት መምህራን የሆኑት ራቢዎች ዋና ምክር ቤት በ1986 መመዘኛውን ቢቀበልም ሌሎች ራቢዎች አልተስማሙም ነበር። ስለዚህ ሕጉ በጥንቃቄ ተቀመረ፦ የሚወስኑት ለዚህ ሥራ የሰለጠኑና ፈቃድ ያላቸው ሁለት ሐኪሞች ናቸው፤ ታማሚውን የሚያክሙም፣ በአካል ንቅለ ተከላ የሚሳተፉም መሆን የለባቸውም፤ ውጤቱ በመሣሪያ ምርመራም ይረጋገጣል። ውሳኔው ከሰውየው እምነት ጋር የሚጋጭ መሆኑን ቤተሰቡ ካስረዳ፣ ልቡ እስኪቆም ድረስ መሣሪያው አይነቀልም።

አንዳንድ ሆስፒታሎች ቤተሰብ የትንፋሹን ፈተና ቆሞ እንዲያይ ይፈቅዳሉ። መሣሪያው ዝም ሲል ደረቱም ዝም ይላል። የጥንት ሰው ላባ ወይም መስተዋት አፍንጫ ሥር አስጠግቶ ይፈልግ የነበረውን ነገር የዛሬው ሐኪምም ይፈልጋል፤ ልዩነቱ፣ መጀመሪያ የማሽኑን ትንፋሽ ከሰውየው ትንፋሽ መለየት አለበት።