በአውሮፕላን ውስጥ ወድቆ ጉዳት የደረሰበት መንገደኛ መብት

ከግንደወይን ተነስቶ በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የገባ መንገደኛ፣ ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ጅዳ ወይም ወደ ዋሽንግተን ሲያቀና የሚያሳስበው ቪዛው፣ የሻንጣው ክብደትና የሚቀበሉት ዘመዶቹ ናቸው። በመወጣጫው ወይም በመቀመጫዎች መካከል ባለው መተላለፊያ ወድቆ ቢሰበር ማን እንደሚጠየቅ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው።

አደጋው በአየር ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በሀገር ውስጥ መስመር የሚያገለግለው ኪው 400 አውሮፕላን መወጣጫ ከበሩ ጋር የተያያዘ ጠባብ ደረጃ ነው፤ ረጅም ቀሚስ የለበሱ እናት ወይም ምርኩዝ የያዙ አባት፣ በሌላው እጃቸው ዕቃ ይዘው ሲወርዱ ደረጃውን ሊስቱት ይችላሉ። በበረራ ላይ ደግሞ ተርቡለንስ የሚባለው የአየር መናወጥ አለ። ግንቦት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ የሲንጋፖር አየር መንገድ አውሮፕላን ከአምስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ 54 ሜትር ያህል ዝቅ በማለቱ፣ ቀበቶ ያላሰሩ ሰዎች ወደ ላይ ተነስተው መልሰው ወድቀዋል። በርካቶች ሲጎዱ አንድ አዛውንት መንገደኛ ሕይወታቸው አልፏል።

ዓለም አቀፍ ጉዞን በሚመለከት ተፈጻሚ የሚሆነው፣ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት፣ በ1991 ዓ.ም. የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ነው። በስምምነቱ መሠረት አየር መንገዱ በአውሮፕላን ውስጥ፣ በመሳፈር ወይም በመውረድ ሂደት ላይ በደረሰ አደጋ ምክንያት መንገደኛው ለደረሰበት የአካል ጉዳት ኃላፊ ነው። ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 151,880 ልዩ የመሳቢያ መብት፣ ማለትም ወደ 200 ሺሕ የአሜሪካ ዶላር ለሚጠጋ ካሳ፣ «ጥፋት የለብኝም» የሚል መከላከያ ተቀባይነት የለውም። ይህ ግን ጥፋት ሳይኖርም የሚጸና የኃላፊነት ወሰን እንጂ የጠቅላላ ካሳው ጣሪያ ወይም ለወደቀ ሁሉ የሚቆረጥ ክፍያ አይደለም፤ ካሳው የሚሰላው በተረጋገጠው ጉዳት ልክ ነው። መንገደኛው በራሱ ሕመም ራሱን ስቶ ከወደቀ እንደ አደጋ ላይቆጠር ይችላል። ቀበቶ እሰር ተብሎ እምቢ ካለም ካሳው ሊቀነስበት ይችላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በትኬቱ ላይ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ጅዳ በአንድ ትኬት የሚጓዝ ሰው ባሕር ዳር ላይ ከመወጣጫው ቢወድቅ፣ ጉዳዩ የሚታየው እንደ ዓለም አቀፍ ጉዞ ነው። ጉዞው ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ ግን የሚገዛው የሀገር ውስጥ ሕግ፣ በተለይም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ማጓጓዝ የደነገገው ክፍል ነው። ሁለቱ ትኬቶች ለየብቻ ተገዝተው ከሆነ ክርክር ሊነሳ ስለሚችል አስቀድሞ ማሰቡ ይበጃል።

የወደቀ መንገደኛ ወዲያውኑ ለበረራ አስተናጋጆች ተናግሮ ሁኔታው በጽሑፍ እንዲያዝ መጠየቅ አለበት። ደህና የመሰለ ሰው በማግስቱ መነሳት ሲያቅተው ይታያልና፣ እንደ ወረደ የሐኪም ማስረጃ መያዝ፣ የመሳፈሪያ ካርዱንም አለመጣል ያስፈልጋል። በአቅራቢያው ተቀምጠው የነበሩ ሰዎች ስምና ስልክ በኋላ አይገኝም። ክስ የሚቀርበው መንገደኛው መድረሻው ላይ ከደረሰበት ወይም አውሮፕላኑ መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ ቋሚ ኑሮው በኢትዮጵያ የሆነ ሰው አየር መንገዱ ወደ ሀገራችን የመጓጓዣ አገልግሎት የሚሰጥና እዚሁ ቢሮ ያለው ከሆነ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል።

ለመራመድ የሚቸገሩ አረጋውያን ደግሞ ትኬት በሚቆረጥበት ጊዜ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያዝላቸው ቢነገር፣ ከመግቢያው እስከ መቀመጫቸው የሚያደርሳቸው ሠራተኛ ይመደብላቸዋል።